መስኮቱ ለእሷ ይሁን

አጎቴ የቤታችንን ግማሽ ሸጦ ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። ቧንቧችን ያለው ጓሮ ነው፤ የአክስቴም የአጎቴም ስለሆነ የማንም አይደለም፣ የማንም ስላልሆነ ደግሞ የሚጠግነው የለም፣ ቀን ከሌት ጠብ ጠብ ይላል። አፌ አረፋ ሞልቶ እንዳጎነበስኩ፣ ከቤቱ ጥግ አጎቴና ደላላው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ደላላው ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ሲጮኽ ሌላውን ነው የሚያነሳው። ሹክሹክታውም እንደ ስልኩ ነው፣ ሦስት ቤት ያልፋል።

"ጋሼ፣ እባክህ ስማኝ። መስኮት የሌለው ክፍል ቤት አይባልም፣ መጋዘን ነው የሚባለው። ሰውየው አዲስ ሚስት ሊያስገባበት ነው የሚገዛው፤ ሽንኩርት ሊያከማችበት አይደለም!"

"መስኮቱ ለእሷ ይሁን ብያለሁ" አለ አጎቴ፣ አክስቴን ማለቱ ነው። "ለእኔ ምን ይሠራልኛል? አንተ ብቻ ወረቀቱን ዛሬ አስጨርሰኝ። ክረምት ሳይገባ መሄድ እፈልጋለሁ።"

"ግን የት ነው የምትሄደው?"

"አንተ ቤት እንዳልሆነ እወቅ።"

አረፋውን ዋጥኩት። ቤቱ በወረቀት ለሁለት እንደሚከፈል አውቅ ነበር፤ የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ቀጠሮ የሰጠን ለዛሬ ነው። መሸጡን ግን አላውቅም። መሄዱን ደግሞ ጭራሽ።

ቤታችን አንድ በርና አንድ መስኮት ነው ያለው። በሩን አልፈው ሲገቡ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ፤ ከዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ የተመታ የጣውላ ግድግዳ። ወዲህ አክስቴ፣ ወዲያ አጎቴ። ጣውላው ሄዶ ሄዶ መስኮቱ ላይ ሲደርስ መሃል ለመሃል ያርፋል፤ ግራው ክንፍ የእሷ፣ ቀኙ ክንፍ የእሱ። አክስቴ ልብስ ታስተካክላለች፤ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የነተበ ኮሌታ ትገለብጣለች። የስፌት መኪናዋን ከግማሽ መስኮቷ ስር አስጠግታ ብርሃኑ ሲዞር ወንበሯን ታዞራለች፤ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ሲያቅታት ደግሞ ትሳደባለች። የምትሳደበው ፀሐይን ነው፣ የሚሰማት ግን አጎቴ ነው። እኔ የሟች እህታቸው ልጅ ነኝ። መኝታዬ በአክስቴ በኩል፣ ዳማ መጫወቻዬ በአጎቴ በኩል፣ ሆዴ በሁለቱም በኩል ነው። ሰሞኑን ግን አጎቴ ዳማ ሰለቸኝ ብሏል። ሁልጊዜ ስለማሸንፈው መስሎኝ ነበር።

ሁለቱ አይነጋገሩም። አያቴ ከሞተች ጀምሮ ማለት ነው። አያቴ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ሁሉ ያነሳቻትም ያስቀመጠቻትም አክስቴ ብቻዋን ናት፤ አጎቴ ሩቅ መስመር አውቶቡስ ይነዳ ነበርና የደረሰው አፈር ከለበሰች በኋላ ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔ ያኔ የሚያስጨንቀኝ የወተት ጥርሴ ነበር። ከዚያ ጣውላው መጣ፣ ከጣውላው ጋር የእኔ ሥራ መጣ። "ንገሪው" እና "ንገሪያት"። ድምፅ እኮ በጣውላ ያልፋል! አጎቴ ሲያስነጥሰው አክስቴ ትሰማለች፤ መርፌዋን ሳታቆም "ይማርህ በይው" ትለኛለች። እሱም ወዲያ ሆኖ በጆሮው ሰምቷት፣ እኔ ዞሬ ሄጄ እስክነግረው ጠብቆ፣ "ያኑርሽ በያት" ይለኛል። ሰፈሩ ሬዲዮ ይለኛል። ትምህርት ቤቱና እኔ ከተለያየን ወዲህ (ማን ማንን እንደተወ አሁንም እንከራከራለን) ሌላ ሥራ ፈልጊ ያለኝም የለም። ሁለት ሰው በአንድ አፍ የሚያናግር ሰው ሥራ አይጎድልበትም።

ተጉመጥምጬ ስገባ አጎቴ ጠራኝ።

"ሬዲዮ! ነይ ያቺን ወረቀት አንዴ ድገሚልኝ።"

የክፍፍሉን ውል ነው። ቀያሹ መጥቶ ቤቱን ከለካው ጀምሮ ይህን ወረቀት፣ አክስቴ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፣ ለአጎቴ ያላነበብኩበት ቀን የለም። መነጽሬ ተሰብሯል ይላል፤ መነጽር አድርጎ አይቼው ግን አላውቅም። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላዬ ይከተለኛል። "እኔ አመልካች፣ ከእናቴ በውርስ ካገኘነው ቤት በስተቀኝ ያለውን ክፍል ድርሻዬ አድርጌ ስረከብ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን መስኮት ሙሉ በሙሉ ለእህቴ ድርሻ መልቀቄን..." እስከ መጨረሻው፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ሳይቀር ትንፋሽ እየወሰደ።

"ጋሼ፣ ፈተና አለብህ እንዴ?"

"አለብኝ" አለ። "አንብቢ።"

ሳነብለት ሻይ ቀዳልኝ። ሰሞኑን ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከታል፤ ሻዩ ጣቱን ሲነካው ያቆማል። ነውር ነው እኮ ብዬው ነበር፤ "የራሴ ጣት ነው፣ ተበድሬ አላመጣሁትም" ብሎኛል። ዛሬ ግን "የት ነው የምትሄደው? እኔንስ ማን ዳማ ያጫውተኛል?" ልለው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ለካ አንደበቴ የሚፈታው ሰው ሲልከኝ ነው እንጂ የራሴን ነገር ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል።

ለአክስቴ ግን ነገርኳት። ማንም አልላከኝም፣ ራሴን ላክሁ። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ እግሯ ከመርገጫው ላይ ሳይነሳ መኪናዋ ብቻ ቆመ። ከጣውላው ማዶ የአጎቴ የቁም ሳጥን በር ሲጢጥ አለ፣ ተዘጋ።

"ለማን?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አዲስ ሚስት ላለው ሰው።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ንገሪው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለጣውላው፣ "ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው፣ እንዳይረፍድበት።" ከዚያ ተነሳችና ለመንገድ እንቁላል ቀቀለች። ሦስት። እኛ ሁለት ነን፣ ብላት፣ "አንዱ ቢሰነጠቅስ?" አለችኝ። ሦስቱም ደህና ወጡ፣ ሦስቱንም ከዳቦ ጋር ጠቀለለቻቸው።

በሩ ላይ ተገናኘን። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ሳይነካ መውጣት ጥበብ ይጠይቃል፤ እነሱ ተክነውበታል። አጎቴ ደህና ሸሚዙን ለብሷል፣ ቁልፎቹን ግን አንድ ቀዳዳ አዛንፎ ቆልፏቸዋል፤ ኮሌታው በአንድ በኩል ጆሮው ስር ገብቷል፣ ከታች ደግሞ አንዱ ወገን ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ለልብስ ሰፊ ይህ ማለት ዓይኗ ውስጥ አሸዋ እንደመጣል ነው።

"ንገሪው፣ መዝገብ ቤት ሳይደርስ ሸሚዙ ለሁለት ተከፍሏል። ያውም እኩል አልደረሳቸውም።"

"ንገሪያት፣ ሸሚዜ አከራካሪ ይዞታ አይደለም።"

እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም አየሁ። "ተሰምቷል" አልኩ። እሱ ግን ቁልፎቹን አላስተካከለም። በኩራቱ መሰለኝ።

አውቶቡሱ ላይ አክስቴ ከፊት ተቀመጠች፣ አጎቴ ከኋላ፣ እኔ መሃል ቆምኩ። ሹፌሩ አጎቴን ያውቀዋል፤ ገና ሲገባ "ጋሼ! ጠፋህ እኮ!" ብሎ ጮኸለት፣ የእኛንም ሂሳብ አልቀበልም አለ። አጎቴ ሰላምታውን የመለሰው ወደ መስታወቱ ዞሮ ነው፣ ሹፌሩ ግን በሌላ በኩል ነበር። በዚህ ጎዳና አውቶቡስ እየነዳ ሲወጣ ሲገባ የኖረ ሰው፣ ፌርማታ በደረስን ቁጥር "ይሄ የቱ ነው?" ይለኛል። ቀረብ ብዬ "ጋሼ፣ አረጀህ" አልኩት። "ፌርማታዎቹ ናቸው ያረጁት" አለኝ። ሳቅሁ። ደደብ ነኝ።

የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ትልቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ከደጁ ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለው፣ መያዣ የለውም። ከደረጃው ስር ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ አንድ ገጽ የሚያነሱበት ዋጋ ሌላ ቦታ ሦስት ገጽ ያስነሳል፣ ምክንያቱም መስኮት ላይ ደርሶ "አንድ ኮፒ ይጎድልሃል" የተባለ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ሻይ የምትሸጠዋ ሴትም ይህን ታውቃለች። ውስጡ አቧራና የማህተም ቀለም ይሸታል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ በሰው መቀመጫ ለስልሰዋል። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፌስታል ይዟል፣ ፌስታሉን ደግሞ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል። እህትና ወንድም ናቸው የሚባሉ ሰዎች በዚህ ቤት ይለያሉ፤ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ግድግዳው ላይ በትልቁ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "በሌላ ሰው አፍ መልስ መስጠት ክልክል ነው።" ሳነበው ከሥራ መባረሬ ገባኝ።

አክስቴ ከአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ አጎቴ ከሌላው ጫፍ፣ ደላላው ከአጎቴ አጠገብ፣ እኔ እንደ ልማዴ መሃል። ደላላው በሁለቱም ስልኩ ለገዢው "እየተፈረመ ነው፣ እየተፈረመ ነው" ይላል። አክስቴ ዳቦውን ፈታች፣ አንዱን እንቁላል ልጣ ሰጠችኝ፣ ሁለተኛውን ሳታየኝ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ይሄን ለዚያ ሰውዬ ስጪው።"

አጎቴ በእጁ ዳበሰው፣ አንድ ጊዜ ገመጠ። "ጨው የለውም በያት።"

"ጨው ለደም ግፊቱ አይሆንም በይው።"

አጎቴ ማላመጡን አቆመ። ደም ግፊት እንዳለበት ማን ነገራት? እኔ እንዳይመስላችሁ፤ ይህን እንኳ አልነገርኳትም። ጣውላው የከፈለው ቤቱን እንጂ ጆሯቸውን አይደለም።

ተራችን ደረሰ። መዝጋቢዋ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ ጠዋቱን ሁሉ ሰው ሲጮኽባት የዋለች የምትመስል ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን አልተቆጣም፣ ደክሞታል ብቻ። ማህተሟ በቀኝ እጇ በኩል ተቀምጧል። ፋይሉን ከፈተች፣ ቀያሹ የሳለውን ንድፍ አየች፣ ወደ አጎቴ ቀና አለች።

"አባቴ፣ አመልካች እርስዎ ነዎት። አጠገብዎ ያሉት ምንዎ ናቸው?"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ ናት በያት።"

"ለእኔ ነው የሚመልሱት" አለች መዝጋቢዋ፣ በእስክሪብቶዋ ማስታወቂያውን እያሳየች። እሱ የምታሳየውን አላየም።

"እህቴ ናት" አለ።

"ከዛሬ በኋላ በመዝገባችን አዋሳኝ ይባላሉ። የእርስዎ በእሳቸው ወረቀት፣ የእሳቸው በእርስዎ ወረቀት ላይ፣ አዋሳኝ ተብሎ ይሰፍራል። ገብቷችኋል?" ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ግን ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘችው። "ጥሩ። እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለን፤ ማንም የሚፈርምበትን ወረቀት መጀመሪያ ጮክ ብሎ በራሱ አፍ ያነባል። ማንበብ የማይችል ካለ ይንገረኝ፣ እኔ አነብለታለሁ። ከፈረመ በኋላ ተመልሶ መጥቶ 'አላየሁም ነበር' ብሎ የሚያለቅስልኝ ሰው አልፈልግም። የማይችል አለ?"

"እኔ አነባለሁ" አለ አጎቴ፣ ሳትጨርስ።

ሁለቱን ወረቀቶች ደርባ በመስታወቱ ቀዳዳ አሳለፈቻቸው። አጎቴ እጁን ዘርግቶ የላይኛውን አነሳ፣ ለአክስቴ የታችኛው ቀረ፤ እሷ ሳታየው ከቦርሳዋ ስር አስገባችው። አጎቴ ወረቀቱን ከደረቱ አራቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ያማረ ነው፤ ድሮ ከአውቶቡሱ ኋላ ላለ ሰው "ጠጋ ጠጋ!" ሲል ሰው ደስ ብሎት ነበር አሉ የሚጠጋው። "እኔ አመልካች" አለ፣ "ከእናቴ በውርስ ካገኘነው ቤት በስተቀኝ ያለውን ክፍል ድርሻዬ አድርጌ ስረከብ..." አንድ ቃል አልተደነቃቀፈም። ከኋላችን ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ ዝም ብለው ሰሙት። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬው እላለሁ፣ ኩራቱን አልቻልኩትም። "በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን መስኮት ሙሉ በሙሉ ለእህቴ ድርሻ መልቀቄን" ሲል አክስቴ ቀና አለች። ይህን አታውቅም ነበር። ንድፉ ሲመጣላት "የፈለገውን ይውሰድ" ብላ ሳታይ ነበር የመለሰችው።

መዝጋቢዋ እጇን አነሳች። "አባቴ፣ ይቅርታ።"

አጎቴ ቀጠለ።

"አባቴ! አንዴ። በእጅዎ የያዙት የእህትዎን ወረቀት ነው።" ቆም አለች፣ ፊቱን አየችው። "እያነበቡልኝ ያሉት ግን የራስዎን ነው።"

አጎቴ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ወደ መብራቱ አዞረው። ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። ደላላው "መነጽሩን ረስቶ ነው እኮ፣ ሰውየው የተማረ ነው፣ እኔ..." ሲል መዝጋቢዋ በእስክሪብቶዋ ማስታወቂያውን አሳየችው፣ አፉን ዘጋ። እኔ ሆዬ እዚያው ቆሜ ሁሉ ነገር ተራ በተራ ይመጣብኝ ጀመር። ዳማው። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ጣት። ሹፌሩ። ፌርማታዎቹ።

አክስቴ የምታየው ሸሚዙን ነበር። የተዛነፉትን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ እንደ ሥራዋ። ወደ እኔ ዞረች። "ንገሪ..." ብላ ጀመረች፣ አቆመች።

"አንተ" አለችው። "ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?"

ድምፅዋ ፊት ለፊት ሲመጣበት አጎቴ ሁለት እጁን መደገፊያው ላይ አሳረፈ። "እትዬ" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤ 'እሷ' ነው የሚላት፣ ሲናደድ ደግሞ 'ያቺ'። "ምንም አይደለም እትዬ። ጭጋግ ነው።"

"ጭጋግ! ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው ክረምት። መንገዱ ይጠፋብኝ ጀመር። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ... ወገቤን አመመኝ ብዬ ሥራውን ተውኩ።"

"ሐኪምስ?"

"አንዱ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አሉኝ። ሌላው ግን አልፎበታል።"

"እና ቤት ሸጠህ የት ሄደህ ልትደናበር ነው?"

"ሬዲዮ!" አለ አጎቴ ወደ እኔ። ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ምንም አላለም።

"አብሮኝ የሚነዳ የነበረ ጓደኛዬ ጋ ትርፍ ክፍል አለ" አለ ቀስ ብሎ። "እትዬ፣ እማዬን ብቻሽን አነሳሽ፣ ብቻሽን አስቀመጥሽ። ያን ቀን በሩ ላይ ጠየቅሽኝ። 'አሁን ምን ልታነሳልኝ መጣህ?' አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። አሁን ደግሞ እኔን አንሺኝ ልበልሽ?"

ለካ ያን ጊዜ በሩ ላይ ያለችው ይህ ነው። ግድግዳ ሙሉ ጣውላ ያስመታችው ነገር ይህቺው ናት። መዝጋቢዋ እጇን ከማህተሙ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አክስቴ አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የምታለቅስ መሰለኝ፣ ግን አክስቴን አታውቋትም፣ ማልቀስ ሲመጣባት ነው የምትቆጣው።

"መስኮቱንስ ማን ለምኖህ ነው?" ብላ ጮኸችበት። "እኔ መስኮት ስጠኝ ብዬሃለሁ? ግማሽ መስኮት አነሰኝ ብዬ ልኬብህ አውቃለሁ?"

"አልላክሽብኝም" አለ አጎቴ። "ግን ጥቁር በጥቁር መስፋት ሲያቅትሽ እሰማለሁ። ለእኔ ብርሃኑ ምን ይሠራልኛል? ቢያንስ አንቺ ስፊበት።"

አክስቴ ከቦርሳዋ ስር የነበረውን ወረቀት አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ የእጇን ጀርባ በአፍንጫዋ ስር አሳለፈችና ወደ መዝጋቢዋ ዞረች፣ "እንግዲህ ንገሪን" በሚል ዓይን።

"ዛሬ ማስፈረም አልችልም" አለች መዝጋቢዋ። ድምፅዋ ላይ የነበረው ድካም የት እንደሄደ እንጃ። "ማየት ለከበደው ሰው፣ የሚያምነው ሌላ ሰው መጥቶ ያነብለታል፣ አብሮት ይፈርማል። ያ ሰው ተካፋይ መሆን አይችልም፣ ደላላ መሆን አይችልም፣ ልጅም መሆን አይችልም።" ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። "ሌላ ቀጠሮ ልስጣችሁ?"

"አይ የኔ እህት" አለች አክስቴ። "ቀጠሮ የሚያስፈልገን ሌላ ቦታ ነው፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ።" ሁለቱን ወረቀቶች በሥነ ሥርዓት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። "ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ለኮሌታ ልክ መቁረጫ ይሆነኛል።"

መዝጋቢዋ ፋይሉን ዘጋችው። ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጥ ስትዞር ነው የሳቀችው፣ ሰው እንዳያያት።

"ገዢውንስ አሁን ምን ልበለው?" አለ ደላላው፤ አንዱ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

"ለሚስቱ መስኮት ያለው ቤት ፈልግለት" አለችው አክስቴ። "እኛ ጋ ያለው አንድ ነው፣ ተይዟል።"

ከውጭ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። አጎቴ ከጨለማው አዳራሽ ብርሃን ላይ ሲወጣ ቆመ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ያ ረጅም ደረጃ ከፊቱ ነው፣ መያዣ የለውም። ስንመጣ እንዴት እንደወጣው አሁን ሳስበው ልቤ ይርዳል፤ እኔ በሁለት በሁለት እየዘለልኩ ቀድሜው ነበር። አክስቴ ከእሱ አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። ውስጥ ያ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ብርሃን ላይ ሲወጡ ሁለቱም እንደገና አፈሩ። አክስቴ መንገዱን አየች፣ ሻይ ሻጯን አየች፣ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች።

"ንገሪው" አለችኝ በመጨረሻ። "ደረጃ አለ።"

እኔ ዝም አልኩ። እመኑኝ፣ ከባድ ነው። በሕይወቴ የተቀበልኩትን መልእክት ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም።

"አንቺ ልጅ፣ አልሰማሽም? ደረጃ አለ በይው።"

"ባትሪ ጨርሻለሁ" አልኳት።

እንደዚያ ያለ ዓይን አይታችሁ አታውቁም። ከሰፈር ብንሆን ጫማዋን ነበር የምታወልቀው። አጎቴ ግን አንድ እግሩን ወደ ፊት መዘርጋት ጀምሮ ነበር፤ በጫማው ጫፍ አየሩን እየዳሰሰ፣ እንደዚያ ሻይ ብርጭቆው። ያኔ ቦርሳዋን ወደ እኔ ወረወረችውና ክንዱን ያዘችው።

"ደረጃ አለ!" አለችው። "ቀስ። ደግሞ ሌላ። ቀስ በል ስልህ!"

"አውቀዋለሁ እትዬ፣ ስወጣ በእግሬ ለክቼዋለሁ።"

"ዝም ብለህ ውረድ።"

ወረዱ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ "ሌላ" ትለዋለች፣ እሱም በእያንዳንዱ ላይ "እሺ" ይላታል፤ ደረጃው አልቆ አስፋልቱ ላይ ደርሰው እንኳ አንዴ "ሌላ" ብላው እሱም "እሺ" ብሎ እግሩን በአየር ላይ አነሳ። ከታች ከሻይ ሻጯ አጠገብ፣ ሰው በሚያልፍበት፣ አክስቴ አቆመችው። አንድም ነገር ሳትል የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ መፍታት ጀመረች። አጎቴ፣ ያ ስንት አውቶቡስ ያሽከረከረ ትልቅ ሰውዬ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ትምህርት ቤት እንደሚላክ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ዛሬ ግን አልቸኮሉም። አንዱን ፈትታ፣ ከትክክለኛው ቀዳዳ ጋር አገናኝታ፣ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ወደ ታች ወረደች።

"እትዬ፣ ሰው ያየናል" አለ በሹክሹክታ።

"ይየን። አንተ እንደሆን አታያቸው!"

ብላው ደነገጠች። እጇ በመጨረሻው ቁልፍ ላይ ቀረ። የአጎቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቀ፤ ሻይ ሻጯ ዞራ እስክታየን ድረስ ሳቀ። አክስቴም አልቻለችም፣ ግንባሯን ያንኑ ባስተካከለችው ሸሚዝ ላይ አሳርፋ አብራው ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ ከጀርባዋ ሆኜ ለመለየት አልቻልኩም፣ ጠጋ ብዬም አላጣራሁም። ሳቃቸውን አውቀው ነበር፣ የእሱን ከወዲያ፣ የእሷን ከወዲህ፤ መሃሉ ላይ ጣውላ ሳይኖር ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።